«ጆሮህ ይበቃሃል» ለሚለው የሃይድሮሊክ ጥገና ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ሃይድሮሊክ ማሽን (እንደ ኤክስካቫተር በዘይት ግፊት ስለሚሠራ ማሽን) ጥገና የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው። ብዙ መካኒኮችና ኦፕሬተሮች «እውነቱን ነው» እያሉ አጋርተውታል። ለምን እንደተወደደ ይገባኛል። ቋንቋው ቀላል ነው። ጸሐፊውም በእጃቸው የሠሩ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ነገር ግን ከሰጧቸው ምክሮች አብዛኞቹ ማሽን ያበላሻሉ። አንዱ ደግሞ ሰው እጁን ሊያጣ የሚችልበት ነው። እንዲህ ያለውን በዝምታ ማለፍ ከበደኝ።

በመጀመሪያ ጽሑፉ የሚለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ዋናው ሐሳቡ የሃይድሮሊክ ብልሽት ሰዎች እንደሚያስወሩት ውስብስብ አይደለም፣ ልምድ ያለው መካኒክ ያለ መለኪያ ያገኘዋል የሚል ነው። ከዚያ አምስት ነጥብ ያነሣል። አንደኛ፣ ማሽን ከዘገየ ወይም ከደከመ ጥፋቱ የፓምፑ ነው፤ ፓምፑ ከጮኸማ አልቆለታል፣ ቀይረው። ሁለተኛ፣ ፓምፑ አዲስ ሆኖ ጉልበት ካነሰ ሪሊፍ ቫልቩን (ግፊት ሲበዛ ዘይት የሚለቀውን) ትንሽ አጥብቀው። ሦስተኛ፣ ጭነት ይዞ ቆሞ ቀስ እያለ የሚወርድ ሲሊንደር የፒስተን ጎሚኒው አልቋል፤ ፈትተህ ቀይርለት። አራተኛ፣ ዘይቱ ጥርት ብሎ እስከታየ ድረስ አትንካው፤ ማሽኑ ካረጀ ደግሞ ወፈር ያለ ዘይት ሙላበት። አምስተኛ፣ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ማሰር ጊዜ መፍጀት ነው፤ ጆሮህ ይበቃሃል፤ ቀጭን ፍሳሽ ካስቸገረህም ቱቦውን በእጅህ ዳስሰህ ታገኘዋለህ።

የምስማማበትን አስቀድሜ ልናገር። የለመደ ጆሮ ትልቅ ሀብት ነው። በአንድ ማሽን ላይ የሚውል ኦፕሬተር ድምፁ የተለወጠበትን ቀን ከማንም በፊት ያውቃል። ጥሩ መካኒክም ሥራውን የሚጀምረው እሱን በመጠየቅ ነው። መቼ ጀመረ? ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ሁሉም እንቅስቃሴ ደክሟል ወይስ አንዱ ብቻ? ከዚያ በፊት ምን ተፈትቶ ነበር? እነዚህ ጥያቄዎች ያለ ምንም መሣሪያ ሩቅ ያስኬዳሉ። ልዩነታችን ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው። ጆሮ የት መፈለግ እንዳለብን ይነግረናል። የጠረጠርነውን የሚያረጋግጠው ግን ልኬት ነው።

«ፓምፑ ነው፣ ቀይረው»

ይህ ምክር የመነጨው ፓምፕ ግፊት ይሠራል ከሚል ግምት ነው። ፓምፕ ዘይት ይገፋል፣ ሥራው እዚያ ላይ ያበቃል። ግፊት የሚፈጠረው የተገፋው ዘይት የሚቋቋመው ነገር ሲያጋጥመው ነው። የዘይቱ መንገድ ወደ ታንከር ክፍት ከሆነ፣ አዲስና ጤነኛ ፓምፕ እንኳ ጌጅ ላይ ይህ ነው የሚባል ግፊት አያሳይም። ስለዚህ ግፊት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ዘይቱ የት ሄደ?» ነው። ፓምፑ አልገፋውም ይሆናል። ገፍቶትም ሥራ ሳይሠራ በሌላ በኩል አምልጦ ይሆናል። ሁለቱ የተለያየ ጥገና ይፈልጋሉ።

ጽሑፉ መዘግየትንና መድከምን እንደ አንድ ነገር ነው ያያቸው። ፍጥነት የሚመጣው በደቂቃ ከሚፈሰው ዘይት ብዛት ነው። ጉልበት የሚመጣው ከግፊት ነው። ባዶውን በደንብ የሚነሣ፣ ጭነት ሲይዝ ግን የሚንቀራፈፍ ክንድ ካጋጠመን፣ ግፊት በጨመረ ቁጥር የሚብስ የውስጥ ፍሳሽ አለ ማለት ነው። ባዶውንም ጭነት ይዞም እኩል የሚዘገይ ከሆነ ዘይቱ ከመነሻውም በበቂ መጠን አልመጣም። በፍጥነት የሚንቀሳቀስ፣ ግን ከአንድ ክብደት በላይ ጭራሽ የማያነሣ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ግፊቱን የሚወስነው ቫልቭ ነው። ሦስቱንም ኦፕሬተሩ «ማሽኑ ደክሟል» ብሎ ነው የሚነግረን። ፓምፕ መቀየር ከሦስቱ አንዳንዱን ቢፈታ እንጂ ሁሉንም አይፈታም።

ከዚህም የቀለለ ፈተና አለ። አንድ ፓምፕ ብዙ እንቅስቃሴ የሚመግብ ከሆነና የደከመው አንዱ ብቻ ከሆነ፣ ፓምፑ ከተጠርጣሪነት ወጣ ማለት ይቻላል። ባኬቱን በሙሉ ጉልበት የሚያዞር ፓምፕ ለክንዱ ሲሆን ብቻ አይደክምም። ለዚህ መሣሪያ እንኳ አያስፈልግም፣ ሌቨሮቹን በየተራ መሞከር ይበቃል።

«ከጮኸ አልቆለታል» የሚለውም ልክ አይደለም። ፓምፕ ከሚጮኽባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች ሁለቱ ከፓምፑ ውጭ ያሉ ናቸው። የመጀመሪያው ካቪቴሽን ነው። ዘይት ወደ መግቢያው እንደልብ ሳይደርስ ሲቀር እዚያ ያለው ግፊት ይወርዳል። በዘይቱ ውስጥ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል። አረፋው ወደ ከፍተኛው ግፊት ሲሻገር በኃይል እየተደፈጠጠ ብረቱን ይቦረቡረዋል። ድምፁ ብዙውን ጊዜ የማያቋርጥ ቀጭን ጩኸት ነው። መንስኤው የተደፈነ የመምጠጫ ፊልትሮ፣ የተደፈነ የታንከር መተንፈሻ፣ ውስጡ ተልጦ የተጨማደደ ቱቦ ወይም በቅዝቃዜ የወፈረ ዘይት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ከውጭ የሚገባ አየር ነው። የዘይት መጠን ሲጎድል፣ የመምጠጫ መጋጠሚያ ሲላላ ወይም የፓምፑ ዘንግ ጎሚኒ ሲያረጅ ይመጣል። ይህኛው ፓምፑ ውስጥ ጠጠር የሚንገጫገጭ ያስመስለዋል። ታንከሩም አረፋ ያወጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የመምጠጫ መስመር ማሽኑ ሲሠራ ወደ ውስጥ ነው የሚስበው። ስለዚህ መጋጠሚያው ደረቅ መሆኑ ደህና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። አየር እየገባ ዘይት ጠብ ላይል ይችላል። መጋጠሚያዎቹ ላይ አንድ በአንድ ዘይት ጠብ እያደረጉ ማዳመጥ ነው። አንዱ ጋ ድምፁ ለአፍታ ረገብ ካለ አየሩ የሚገባው በዚያ ነው። ለዚህ ደግሞ ጆሮ ያስፈልጋል፣ ጸሐፊው እውነት አላቸው። ግን ይኸው ጆሮ ፓምፑን ነጻ ሲያወጣ አየነው።

ፓምፕ በእርግጥ ያልቃል። ያንን አልክድም። ማለቁን የምናውቅበት መንገድ ግን አለ። የፒስተን ፓምፕ ከሆነ ከአካሉ ወደ ታንከር የሚመለስ ቀጭን መስመር አለው። በዚያ የሚመለሰው ዘይት በፓምፑ ውስጥ የሾለከው ነው። ፓምፑ በደቂቃ 100 ሊትር የሚገፋ ነው እንበል። በሥራ ግፊት ላይ ሆኖ በዚያ መስመር የሚመለሰው 3 ሊትር ከሆነ ጤነኛ ነው ብሎ መናገር ይቻላል። 15 ሊትር ከሆነ አብዛኛው አምራች «ቀይሩት» ይላል። ትክክለኛው ወሰን በማሽኑ መመሪያ ላይ አለ። ጥንቃቄው አንድ ነው። ይህን መስመር ለመለካት ተብሎ መድፈን የለበትም። በአካሉ ውስጥ ግፊት ይጠራቀምና የዘንጉን ጎሚኒ ይገፈትረዋል፤ የባሰም ሊያደርስ ይችላል።

ፓምፑ አልቆ ቢገኝስ? ያኔም ሥራው አላለቀም። የተበላው ብረት የት ሄደ? ቫልቮቹ፣ ሲሊንደሮቹና የዘይት ማቀዝቀዣው ውስጥ ነው። ታንከሩና መስመሮቹ ሳይታጠቡ፣ ፊልትሮው ሳይቀየር የገባ አዲስ ፓምፕ የአሮጌውን ስብርባሪ ይበላል። የመጀመሪያው ፓምፕ የሞተበት ምክንያት ሳይታወቅ ከቀረ ደግሞ ሁለተኛውም በዚያው ይሞታል። ሌላም አለ። አዲስ የፒስተን ፓምፕ ከመነሣቱ በፊት አካሉ በንጹሕ ዘይት መሞላት አለበት። ደረቁን የተነሣ ፓምፕ በደቂቃዎች ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። «ጊዜ ሳታጠፋ ቀይረው» የሚል ምክር ይህን አንድ መስመር አለመጨመሩ አሳዝኖኛል። ያነበበው ልጅ ነገ አዲስ ፓምፕ ደረቁን ሊያስነሣ ይችላል።

«ሪሊፍ ቫልቩን ትንሽ አጥብቀው»

የዚህን ምክር ጉዳት ለማየት ቫልቩ ለምን እንደተሠራ ማስታወስ ይበቃል። ሪሊፍ ቫልቭ ግፊት ከተወሰነው በላይ እንዳይወጣ ዘይቱን ወደ ታንከር የሚለቅ መከላከያ ነው። ማሽኑ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ቱቦው፣ ሲሊንደሩ፣ ብየዳው፣ ያንን ወሰን አስቦ ነው የተሠራው። አዎ፣ ጥሩ ቱቦ የሚፈነዳበት ግፊት ከሥራ ግፊቱ 4 እጥፍ እንዲሆን ተደርጎ ይሠራል። ያ ትርፍ የተተወው ግን ለድንገተኛ ምትና ለእርጅና ነው። መካኒክ በመፍቻ እንዲበላው አይደለም።

አሁን አንድ ሁኔታ እናስብ። ማሽኑ ደክሟል። እውነተኛው ምክንያት ሪሊፍ ቫልቩ መቀመጫ ላይ የተሰካ ትንሽ ብናኝ ነው። ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አልዘጋም፣ ዘይት ይሾልካል። መካኒኩ ጌጅ ሳያስር ግማሽ ዙር አጠበቀ። ብዙም ለውጥ የለም። አንድ ዙር ጨመረ። አሁንም ያው ነው። እንደገና ጨመረ። ከሰዓታት በኋላ ብናኙ በዘይቱ ታጥቦ ሄደ። ቫልቩ ዘጋ። አሁን ማሽኑ ማንም በማያውቀው ግፊት ላይ እየሠራ ነው። ኦፕሬተሩ «ጉልበቱ ተመለሰ» ብሎ ደስ ብሎታል። ቱቦ የሚፈነዳበት ወይም የሲሊንደር ጭንቅላት የሚነቀልበት ቀን ሲመጣ ማንም ከዚያ ግማሽ ዙር ጋር አያያይዘውም። ይህ ከባድ ሒሳብ የሚፈልግ ነገር አይደለም። ቫልቩን ፈትቶ ማጠብና መቀመጫውን ማየት ነበር ጥገናው።

ጉልበት የጠፋው ፓምፑ ወይም ሌላ ነገር በውስጥ ስለሚያፈስ ከሆነ ደግሞ፣ ማጥበቅ ምንም አይጠቅምም። ግፊቱ ገና ወደ ሪሊፉ ወሰን አልደረሰም። በሩ ጋ ያልደረሰ ሰው በሩ ስለተዘጋ አይቆምም።

ሙቀትን እዚህ ላይ ማንሣት ግድ ነው፤ ጽሑፉ አንድም ቦታ አላነሣውምና። በሪሊፍ ቫልቭ የሚያመልጥ ዘይት የያዘው ኃይል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ግፊቱን በባር፣ ፍሰቱን በሊትር በደቂቃ አባዝቶ ለ600 ማካፈል ነው፤ የሚገኘው ኪሎዋት ነው። በ200 ባር 60 ሊትር በደቂቃ ቢያመልጥ 20 ኪሎዋት ሙቀት ታንከሩ ውስጥ ይፈስሳል። ዘይቱም በእያንዳንዱ ማለፍ 12 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይሞቃል። ከ80 ዲግሪ በላይ ሲሆን ጎሚኒ ይደርቃል፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ሲቀጥን ደግሞ የውስጥ ፍሳሹ ይብሳል።

ይህ ሙቀት ጠላት ብቻ አይደለም፣ መረጃም ነው። ሳይነኩ ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ይዞ ከቫልቮቹ ወደ ታንከር የሚመለሱትን መስመሮች መቃኘት ነው። ምንም ሥራ በሌለበት ሰዓት አንዱ መስመር ከጎረቤቶቹ በጣም ከሞቀ ዘይቱ በዚያ እየሾለከ ነው። «ዘይቱ የት ሄደ?» ለሚለው ጥያቄ እንዲህ ፈጣን መልስ የሚሰጥ ነገር ብዙ የለም።

ሌላ ወጥመድም አለ። ብዙ ዘመናዊ ማሽኖች ግፊት ሲሞላ የሚገፋውን ዘይት ራሱ የሚቀንስ ፓምፕ አላቸው። የፓምፑ መቆጣጠሪያ ወሰን ከሪሊፉ ዝቅ ማለት አለበት። ሰዎች በግምት ሲያዞሩ የፓምፑን ከሪሊፉ በላይ ያደርጉታል። ያኔ ፓምፑ ራሱን አይቀንስም፣ ሙሉውን ዘይት በሪሊፉ ላይ ያፈሰዋል። ማሽኑ ይሠራል፣ ግን ይጋያል። ከዚያ «ማቀዝቀዣው አይሠራም» ተብሎ ማቀዝቀዣ ይቀየራል።

የሪሊፍ ስፕሪንግ በጊዜ ብዛት መላላቱ እውነት ነው። ወሰኑም ሊወርድ ይችላል። ማስተካከል ሲያስፈልግ ግን ጌጅ ታስሮ፣ ዘይቱ በሥራ ሙቀት ላይ ሆኖ፣ ከዝቅተኛው ወደ ላይ እየወጡ፣ መመሪያው በሚለው ቁጥር ላይ ማቆም ነው።

«የሚወርድ ሲሊንደር ጎሚኒው አልቋል»

ከጸሐፊው ጋር ለመከራከር በጣም የሚከብደው ይህኛው ነው። ሁሉም ሰው የሚያምነው ነገር ነውና። ደግሞም አንዳንዴ ልክ ይሆናል። ግን እስቲ በእርጋታ እንየው።

ጭነት ከላይ የሚጫነው፣ ዘንጉ በአንድ ጎን ብቻ የሚወጣ ሲሊንደር አለን። ቫልቩ ሁለቱንም መስመሮች ዘግቷል። አሁን የፒስተኑን ጎሚኒ ጨርሰን አወጣነው እንበል። ዘይት ከፒስተኑ ሥር ወደ ላይ እንደልቡ ያልፋል። ሲሊንደሩ ይወርዳል? እንዲወርድ ዘንጉ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ዘንጉ የሚገባበት ቦታ እንዲያገኝ ደግሞ በልኩ ዘይት መውጣት አለበት። መውጫ የለም። ዘይት በ70 ባር ግማሽ በመቶ ገደማ ብቻ ነው የሚታመቀው። ስለዚህ በመጀመሪያ ጥቂት ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ይቆማል። ያለ ጎሚኒ!

እንግዲያው ሲሊንደሩ ሳያቋርጥ እየወረደ ከሆነ ዘይት ከሲሊንደሩ እየወጣ ነው። በስፑሉ (ቫልቩ ውስጥ እየተንሸራተተ የዘይቱን መንገድ በሚከፍተውና በሚዘጋው ብረት) ሊሆን ይችላል። በመቆለፊያው ቫልቭ ወይም በመስመሩ ሪሊፍ ሊሆን ይችላል። ወደ ውጭ የሚፈስ ከሆነ በዓይን ይታያል። የፒስተን ጎሚኒ ብቻውን ይህን አያደርግም።

«እኔ ግን ጎሚኒ ቀይሬ ተሻሽሎ አይቻለሁ» የሚል ሰው ይኖራል። አምነዋለሁ። ምክንያቱ ይህ ነው። የውስጥ ዲያሜትሩ 100 ሚሊሜትር የሆነ ሲሊንደር 60 ሚሊሜትር ዲያሜትር ካለው ዘንግ ጋር 10 ቶን ይሸከማል እንበል። ጎሚኒው ደህና ከሆነ ጭነቱ የሚያርፈው በሙሉው ፒስተን ስፋት ላይ ነው። ግፊቱ 125 ባር ገደማ ይሆናል። ጎሚኒው ከለቀቀ ግን በሁለቱም ጎን ያለው ግፊት እኩል ይሆንና ጭነቱን የሚሸከመው የዘንጉ ስፋት ብቻ ይቀራል። ግፊቱ ወደ 350 ባር ይጠጋል። ድሮም በጥቂቱ ይሾልክ የነበረ ስፑል በዚህ ግፊት በደንብ ያፈስሳል። ሲሊንደሩ ቶሎ ቶሎ ይወርዳል። ጎሚኒው ሲቀየር ግፊቱ ወደ 125 ይመለሳል፣ መውረዱም ይቀንሳል። መካኒኩ «አላልኩም?» ይላል። ስፑሉ ግን እንዳለ ነው። ከጊዜ በኋላ ያው ማሽን ተመልሶ ይመጣል።

ጸሐፊው ልክ የሚሆኑባቸውን ሁኔታዎችም መዝለል ተገቢ አይሆንም። ጭነቱ ዘንጉን ወደ ውጭ የሚስብ፣ ማለትም የተንጠለጠለ ከሆነ፣ የጎሚኒ ፍሳሽ ብቻውን ሊያወርደው ይችላል። ዘንጉ በሁለቱም ጎን የሚወጣ ሲሊንደርም እንዲሁ ነው። ሦስተኛው በጣም የተለመደ ነው። ጭነቱን የሚይዘው ቫልቭ በፒስተኑ ጎን ብቻ ሆኖ፣ የዘንጉ ጎን መስመር ስፑሉ መሐል ላይ ሲሆን ወደ ታንከር ክፍት የሚሆንባቸው ማሽኖች አሉ። እዚያ ጎሚኒውን አልፎ የሄደ ዘይት መውጫ አለው። ስለዚህ ከመፍታት በፊት የማሽኑን የሃይድሮሊክ ንድፍ ማየት ግድ ነው። ሲሊንደር ማውረድ ከባድና አደገኛ ሥራ ነው። አንድ ገጽ ሥዕል ማየት ያንን ሁሉ ድካም ሊያስቀር ይችላል።

ጎሚኒውን መፈተንም ሳያወርዱ ይቻላል። ዘንጉ እስከ መጨረሻው ወጥቶ ጭነቱ በሌላ ነገር ተደግፎ ይቀመጣል። ሞተር ጠፍቶ ግፊቱ ይለቀቃል። የዘንጉ ጎን ቱቦ ተፈትቶ አፉ ይደፈናል፤ የሲሊንደሩ ቀዳዳ ግን ክፍት ሆኖ ዕቃ ይቀመጥለታል። ከዚያ በፒስተኑ ጎን ቀስ ብሎ ግፊት ይሰጣል። መጀመሪያ ከሚንጠባጠበው በኋላ ዘይት መፍሰሱን ከቀጠለ ጎሚኒው አልቋል። ካቆመ እዚያ ቦታ ላይ ደህና ነው። «እዚያ ቦታ ላይ» ያልኩት የሲሊንደሩ ግድግዳ መሐሉ ላይ ብቻ ተበልቶ ሊሆን ስለሚችል ነው።

ዘይቱ

«ጥርት ካለ አትንካው» የሚለው በአጭሩ የሚመለስ ነው። ሰው በዓይኑ ሊያየው የሚችለው ትንሹ ብናኝ 40 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። የዘይት ንጽሕና የሚለካበት አይኤስኦ 4406 የተባለው ደረጃ የሚቆጥረው ከ4፣ ከ6 እና ከ14 ማይክሮን በላይ የሆኑትን ነው። ስፑልና ፓምፕ ውስጥ ያለው ክፍተትም በጥቂት ማይክሮን የሚለካ ነው። ማሽኑን የሚበላው ብናኝ አይታይም ማለት ነው። ከበርሜል የወጣ አዲስ ዘይት እንኳ በማጣሪያ ሳያልፍ ታንከር ውስጥ ባይገባ ይመረጣል። ጠቁሮ የታየ ዘይትም ሁልጊዜ የሞተ አይደለም። ዓይን በእርግጠኝነት የሚናገረው ስለ አንድ ነገር ነው፦ ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ወይም አየር ገብቶበታል። ለጥቂት ጊዜ ቢቀመጥና ቢጠራ አየር ነበር። ነጭ ሆኖ ከቀረ ውኃ ነው።

ወፈር ስላለው ዘይት ግማሹን እቀበላለሁ። ማሽኑ የሚሠራበት አካባቢ ሞቃት ከሆነና አምራቹ ከፈቀደ ከ46 ወደ 68 መሄድ ትክክል ሊሆን ይችላል። እነዚህ ቁጥሮች ዘይቱ በ40 ዲግሪ ላይ ያለውን ውፍረት የሚናገሩ ናቸው። ያለቀ ፓምፕን ለመሸፈን ሲባል ማወፈር ግን ብልሽቱን ይደብቃል እንጂ አያድነውም። ጠዋት ቀዝቅዞ ሲነሣ ወፍራሙ ዘይት ወደ ፓምፑ መግቢያ አይደርስም። ከላይ ያነሣሁት ካቪቴሽን ይመጣል። ደክሞ የነበረው ፓምፕ ይሞታል።

«ጌጅ ጊዜ መፍጀት ነው»

ጌጅ ብቻውን እንደማይበቃ እስማማለሁ። ግፊት ይናገራል፣ ፍሰት አይናገርም። ያለቦታው ከታሰረም ያሳስታል። ስለዚህ ከጌጅ ጎን ፍሰት መለኪያ ቢኖር የተሻለ ነው። መልሱ ግን መለኪያ መጨመር እንጂ ያለውን መተው አይደለም። የመለኪያ ቀዳዳ ባለው ማሽን ላይ ጌጅ ማሰር የደቂቃዎች ሥራ ነው። ፓምፕ አውርዶ መስቀል ቀን ይፈጃል። ጊዜ ለመቆጠብ ከሆነ ስሌቱ ወዴት እንደሚያደላ ግልጽ ነው።

ጆሮም ጌጅም የማያገኙት አንድ ነገር አለ። እሱም ኤሌክትሪክ ነው። ጽሑፉ ጭራሽ አላነሣውም። ዛሬ ብዙ ቫልቭ የሚንቀሳቀሰው በሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ ማግኔት) ነው። አንድ እንቅስቃሴ ጭራሽ ከጠፋ፣ ከማሽኑ አጠገብ ሰው አለመኖሩን አረጋግጦ፣ የቫልቩን የእጅ መግፊያ ፒን መጫን ነው። ማሽኑ ከተንቀሳቀሰ ሃይድሮሊኩ ደህና ነው፤ ችግሩ ሽቦው፣ ኮይሉ ወይም ማብሪያው ጋ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ወደ ዘይቱ እንመለሳለን። በኤሲ (በተለዋዋጭ ከረንት) የሚሠራ ኮይል ደጋግሞ የሚቃጠል ከሆነ ደግሞ ኮይሉን ብቻ መክሰስ አያዋጣም። ስፑሉ ሲጣበቅና ሙሉውን መንገድ ሳይሄድ ሲቀር ኮይሉ ብዙ ከረንት ይስብና ይቃጠላል።

የመጨረሻው ስለ እጅ ነው። «ቀጭን ፍሳሽን በእጅህ ዳስሰህ ታገኘዋለህ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በጣም አደገኛ ነው። ከመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ከፍተኛ ግፊት ያለው ዘይት ቆዳ ይበሳል። የሥራ ጓንትም አያስቆመውም። ለዚህ የሚያስፈልገው ግፊት ደግሞ ሃይድሮሊክ ማሽን ከሚሠራበት በጣም ያነሰ ነው። ቁስሉ መጀመሪያ ላይ እንደ ትንሽ ነጥብ ነው የሚታየው። ብዙም ላያም ይችላል። ሰውየው ጠርጎት ሥራውን ይቀጥላል። ዘይቱ ግን በሥጋው ውስጥ ተሰራጭቶ ሕብረ ሕዋሱን ይገድላል። ከሰዓታት በኋላ እጁ ያብጣል፤ ሲዘገይ ጣት ወይም እጅ እስከ መቆረጥ ይደርሳል።

ፍሳሽ የሚፈለገው በካርቶን ወይም በእንጨት ነው፤ እሱንም ራቅ ብሎ፣ ዓይንን በመነጽር ሸፍኖ። መፍታት ሲያስፈልግ ክንዱና ባኬቱ መሬት ይነካሉ፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ሌቨሮቹ በሁሉም አቅጣጫ ተንቀሳቅሰው የቀረው ግፊት ይለቀቃል። ማሽኑ አኩሙሌተር (ዘይት በግፊት የሚያጠራቅም ዕቃ) ካለው ሞተር ጠፍቶም ግፊት ይዞ ይቆያል፤ እሱም በመመሪያው መሠረት መራገፍ አለበት። ዘይት ቆዳ ከበሳ ደግሞ እስኪያብጥ አይጠበቅም። ወዲያው ሐኪም ቤት ሄዶ «ከፍተኛ ግፊት ያለው ዘይት ገብቶብኛል» ብሎ መናገር ያስፈልጋል። ሐኪሙ ነጥቡን ብቻ አይቶ ቀላል ቁስል ነው ብሎ ሊሸኘው ይችላልና።

በፓምፑ፣ በጎሚኒውና በዘይቱ ላይ ከጸሐፊው ጋር ብንከራከር ደስ ይለኛል፤ ከሥራ ያገኙት ማስረጃ ካላቸውም ለመስማት ዝግጁ ነኝ። ስለ እጅ የጻፉትን ዓረፍተ ነገር ግን ዛሬውኑ እንዲያወጡት እለምናቸዋለሁ። ጽሑፉን ያጋራችሁም ይህንኑ ለላካችሁላቸው ሰዎች ንገሯቸው።